ኦቨርሎኩ አልተበላሸም፤ ቴንሽኑን ተዉት

ሰው የጨርቅ ጠርዝ እየቆረጠ የሚሰፋውን ኦቨርሎክ ማሽኑን ተሸክሞ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ቴንሽኑ ተበላሽቷል።» የክር መወጠሪያው ማለቱ ነው። «ነካክተኸዋል?» ስል መልሱ ሁሌም አንድ ነው። «ትንሽ አዟዙሬ አይቼው ነበር።» ትንሽ የሚለው የአራቱን ክሮች የቴንሽን ማዞሪያ ሁሉ ነው። ስንት ቁጥር ላይ እንደነበሩ አያስታውስም። ይህን ነገር መስማት ከልቤ ስለሰለቸኝ ዛሬ በደንብ ላውራው።

ስፌት ሲዝረከረክ ጥፋቱ የቴንሽን ነው ማለት ስህተት ነው። ትናንት ማታ አሳምሮ ሲሰፋ የነበረ ማሽን አድሮ ቴንሽኑ በራሱ አይዛባም። ማዞሪያው ካልነካችሁት የትም አይሄድም። አብዛኛውን ጊዜ የተለወጠው ክሩ ነው። ወይ አንድ የክር ማለፊያ ዘሏል፣ ወይ ቴንሽኑ ውስጥ አልገባም፣ ወይ ከሌላው ክር ጋር ተጠላልፏል።

ቴንሽን የምንለው ክሩን መሃላቸው ጨብጠው የሚይዙ ሁለት ትንንሽ የብረት ሳህኖች ናቸው። ክሩ መሃላቸው ሳይገባ ከላይ ከቀረ፣ ማዞሪያውን እስከ 9 ብታጠብቁትም የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ክር ስታስገቡ ጨርቁን የሚጫነውን እግር ወደ ላይ አንሱት። በብዙ የቤት ማሽኖች እግሩ ሲነሳ ሳህኖቹ ይላቀቃሉ። ክሩን በሁለት እጃችሁ ከላይና ከታች ወጥራችሁ ያዙትና ወደ ውስጥ ሳብ አድርጉት። ከዚያ እግሩን አውርዱና ክሩን ጎተት አድርጉ። እንቢ ማለት አለበት። ዝም ብሎ ከመጣላችሁ አልገባም ማለት ነው። ከኋላ እንደ አንቴና የሚሳበው ዘንግም እስከ መጨረሻው መውጣት አለበት። ግማሽ ላይ ከቀረ ክሩ ከጥቅሉ ሲመጣ ይያዛል፣ ስፌቱም አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን «የተበጠሰውን ክር ብቻ መልሼ አስገብቼዋለሁ፣ አሁንም ይበጥሳል» የሚለው ነው። ኦቨርሎክ ሁለት ሉፐሮች አሉት። ከላይና ከታች እየተወዛወዙ ክር የሚያጠላልፉት እነዚያ የታጠፉ ብረቶች ማለቴ ነው። በአብዛኞቹ ማሽኖች ተራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የላይኛው ሉፐር፣ ቀጥሎ የታችኛው፣ መጨረሻ ላይ መርፌዎቹ። መርፌ ሁሌም መጨረሻ! የታችኛው ሉፐር ክር ተበጥሶ እሱን ብቻ ስታስገቡ፣ የመርፌው ክር ቀድሞ ሉፐሩ ላይ ተኝቶ ይጠብቃችኋል። ሁለቱ ይቆላለፋሉ። ጥቂት ስፌት ሄዶ ብጥስ! እንደገና ታስገባላችሁ፣ እንደገና ብጥስ!

አንዲት ጎረቤቴ በዚሁ ምክንያት አንድ ሙሉ ቅዳሜ አጥታለች። ክር ሦስት ጊዜ ቀይራለች። አራቱንም ማዞሪያ አዙራለች። መጨረሻ ላይ «ይህ ማሽን ጠልቶኛል» ብላ ልትሸጠው ነበር። የፊት መክፈቻውን ከፍቼ በስልኬ መብራት አየሁት። የግራ መርፌ ክር በታችኛው ሉፐር ላይ ዞሮ፣ ሰማያዊው ከነጩ ሥር ተቀርቅሮ ይታያል። ሶኬቱን ነቀልኩ። ሁለቱንም ክሮች ከመርፌዎቹ አወጣኋቸው። የታችኛውን ሉፐር ክር በወረንጦ አስገባሁ፣ ከዚያ መርፌዎቹን። ማዞሪያዎቹን ሁሉ ወደ 4 መለስኳቸው። የመጋረጃዋን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ሳይበጥስ ሰፋላት። የተበላሸ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ሁሉንም ክር አውጥታችሁ፣ በተራው መልሳችሁ አስገብታችሁ፣ ስፌቱ አሁንም ካላማረ፣ ያኔ ስለ ቴንሽን እናውራ። በየቦታው የተለያየ ቀለም ያለው ክር አስገቡና በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞክሩ። ቁራጩ ከምትሰፉት ጨርቅ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። የላይኛውና የታችኛው ሉፐር ክሮች በትክክል ጨርቁ ጠርዝ ላይ መገናኘት አለባቸው። የላይኛው ክር ወደ ጨርቁ ሥር ከተሳበ፣ ወይ እሱ ላልቷል ወይ የታችኛው ጠብቋል። ስፌቱን በሁለት እጅ ስትከፍቱት እንደ መሰላል የሚታይ ክር ካለ የመርፌው ላልቷል። አንድ ማዞሪያ ብቻ ንኩ። በግማሽ ቁጥር ብቻ። የነበረበትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። እባካችሁ ጻፉ።

ሌሎቹን የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው።

«መርፌው ካልተሰበረ ደህና ነው።» አይደለም። ጫፉ የደነዘ መርፌ ስፌት ይዘላል፣ ክር ይበጥሳል። 8 ሰዓት ያህል ከሰፋ በኋላ ቀይሩት። ዓይነቱንም ከማሽኑ መመሪያ ላይ እዩ፤ ሁሉም ኦቨርሎክ ተራውን መርፌ አይቀበልም።

«ሁለቱ መርፌዎች እኩል መውረድ አለባቸው።» ይህን ብሎ የግራውን ጎትቶ ያወረደ አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ መርፌው ከሉፐሩ ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ገፍታችሁ እሰሩ። የግራው በትንሹ ከፍ ብሎ ይቀራል። አሠራሩ ነው።

«ቲሸርት ስሰፋ ጠርዙ የሚወዛወዘው ክሩ ስለማይስማማ ነው።» ክሩ ምንም አላደረገም። ከእግሩ ሥር ጨርቁን የሚገፉት ጥርሶች ሁለት ረድፍ ናቸው፣ የፊትና የኋላ። ዲፈረንሺያል የሚባለው ማዞሪያ 1 ላይ ሲሆን ሁለቱ እኩል ይሄዳሉ። የሚለጠጥ ጨርቅ ግን የፊተኛው አብዝቶ እንዲያስገባለት ይፈልጋል። ወደ 1.5 ከፍ አድርጉትና ጠርዙ ሲተኛ ታያላችሁ። ስስ ጨርቅ ከተሸበሸበባችሁ ደግሞ ከ1 በታች አውርዱት።

«ከጮኸ ዘይት ነው የሚፈልገው።» መጀመሪያ ብናኙን አውጡ። ኦቨርሎክ እየቆረጠ ስለሚሰፋ ሆዱ በጨርቅ ብናኝ ይሞላል። በብሩሽ ጥረጉት እንጂ በአፋችሁ እፍ አትበሉት፤ ብናኙ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እርጥበትም ይጨመርበታል። ዘይት መመሪያው ባሳየው ቦታ፣ ጠብታ ብቻ፣ ያውም የስፌት ማሽን ዘይት። የወጥ ቤት ዘይት አይሆንም። እየደረቀ ይጣበቃል።

«ቢላዋው ስፒል ቢያገኝም ያልፈዋል።» ስፒሉን ንቀሉ። ቢላዋው ይሸረፋል።

ለጠጋኝ የሚሰጥ ማሽንም አለ። የጎኑን ጎማ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ብረት ከብረት ሲጋጭ ከሰማችሁ፣ መርፌውም አዲስ ሆኖ በትክክል ከታሰረ፣ የሉፐሮቹ አካሄድ ተዛብቷል። እሱ በቤት አይስተካከልም። አጥፉት፣ ሶኬቱን ንቀሉት፣ ስትወስዱትም ድምፁ የመጣው ምን እየሰፋችሁ ሳለ እንደሆነ ለጠጋኙ ንገሩት።