ጎመኑ በቀትር ስለጠወለገ ብቻ ሞተር አታስነሱ

በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የምናለማ ሰዎች የበጋ ልማድ አለን። ሰባት ሰዓት ላይ የጥቅል ጎመኑ ቅጠል ሲንጠለጠል የውኃ ሞተሩ ይነሳል። እኔም ለዓመታት ነዳጄን የጨረስኩት እንዲህ ነው። በመካከላችን የሚነገሩትን የተሳሳቱ አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«የጠወለገ ሁሉ ውኃ ጠምቶታል።» አይደለም። በቀትር ቅጠሉ የሚያተነው ውኃ ሥሩ ከሚስበው ስለሚበልጥ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖም ተክሉ ይጠወልጋል። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ሰደድ ያድርጉ። ከእርጥበት ከደረሱ ይተዉት፤ ሲመሽ ራሱ ቀና ይላል። ማለዳም ጠውልጎ ካገኙት ነገሩ ሌላ ነው፦ አፈሩ ደርቋል፣ ሥሩ ታሟል፣ ወይም ውኃ ተኝቶበታል። በእኛ ዋልካ አፈር ይህ የመጨረሻው ብርቅ አይደለም። አየር ያጣ ሥር ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ውኃ መሳብ ያቅተዋል። እዚያ ላይ ሞተር ማስነሳት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

«ትነቱ ብክነት ነው።» ተክሉ ከሳበው ውኃ ከመቶ 95 እጅ በላይ በቅጠሉ በኩል ይወጣል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ እኔንም አስደንግጦኛል። ነገር ግን ቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው ምግቡን የሚሠራበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት ነው። በሩ ሲከፈት ውኃው ይወጣል፤ ሲዘጋ እድገቱም ይገታል። ደግሞም የሸክላ እንስራ ውኃን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ ትነቱ ቅጠሉን ከፀሐዩ ግለት ያሳርፈዋል። ጤፍና በቆሎ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በውስጣቸው አጠራቅመው ስለሚጠቀሙ በጠባብ ቀዳዳ ይብቃቃሉ፤ ስንዴና ጎመን ይህ ዘዴ የላቸውም።

«ማለዳ በቅጠሉ ጫፍ የሚንጠለጠለው ጠብታ የተነነው ውኃ ነው።» ትነት በዓይን አይታይም። ያ ጠብታ ሌሊት ሥሩ ወደ ላይ ገፍቶ ያወጣው ፈሳሽ ነው፤ በቅጠሉ ገጽ ላይ የተበተነው ደግሞ ከአየር የመጣ ጤዛ። ትነቱን ማየት ለፈለገ፣ ፀሐይ ያረፈበትን ቅጠል በላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ አፉን ማሰር ነው። የጎረቤቴ ልጅ ከረጢቱ ከውስጥ ሲጉምና ሲያንጠባጥብ አይቶ «አላበው እኮ!» አለ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

«አገሩ ብርድ ስለሆነ ብዙ አይተንም።» ብርዱ እውነት ነው። ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ነፋሱም አያርፍም። ከቅጠሉና ከአፈሩ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ውኃ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 4 ሊትር ቢተን፣ ከ500 ካሬ ሜትር መሬት 2,000 ሊትር ሄደ ማለት ነው፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 100 ጀሪካን።