በአነስተኛ ገንዘብ ስለሚሠሩ ኮሜዲዎችና ስለ ሐያስያን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ በልተን የማታውን ፊልም ስንመርጥ አንድ ወዳጄ ሮተን ቶማቶስ የተባለውን፣ የፊልም ሐያስያንን አስተያየት የሚሰበስብ ድረ ገጽ በስልኩ አየት አድርጎ «ይሄኛው 62 ነው ያገኘው፤ ሌላ ፈልጉ» አለ። ፊልሙ ከታላላቅ ስቱዲዮዎች ውጭ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ኮሜዲ ነበር። ወዳጄ መምህር ስለሆነ ይመስለኛል ቁጥሩን እንደ ተማሪ የፈተና ውጤት ያነበበው።

«መቶኛው ሐያስያን ለፊልሙ የሰጡት ማርክ ነው።»
አይደለም። ሮተን ቶማቶስ የሚያወጣው መቶኛ ከሐያስያኑ መካከል ፊልሙን የወደዱት ስንት እጅ እንደሆኑ ብቻ ይናገራል፤ ምን ያህል እንደወደዱት አይነግረንም። ዐሥር ሐያስያን ለአንድ ፊልም እያንዳንዳቸው ከዐሥር ስድስት ቢሰጡና ሁሉም «ደኅና ነው» ቢሉ መቶኛው 100 ይሆናል። ስድስቱ 10፣ አራቱ ደግሞ 3 የሰጡት ሌላ ፊልም ግን አማካዩ 7.2 ሆኖ ሳለ መቶኛው 60 ላይ ይቆማል። ኮሜዲን ይህ ስሌት ከሌላው ዘውግ ይልቅ ይጎዳዋል፤ ምክንያቱም ቀልድ አንዱን በሳቅ ሲያፈርስ ሌላውን ፊቱን ያስኮሳትረዋል። ሜታክሪቲክ የተባለው ሌላው ተመሳሳይ ድረ ገጽ በበኩሉ ነጥቦቹን እየመዘነ አማካይ ስለሚያወጣ፣ የሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር ኪሎን ከሜትር ጋር እንደማወዳደር ነው። ለነገሩ በሮተን ቶማቶስ ሚዛን ማለፊያው 60 ስለሆነ፣ ወዳጄ የጣለው ፊልም አልፏል።

«ሐያስያን ድህነቱ የሚታይበትን ፊልም ይንቃሉ።»
አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ኬቪን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን «ክለርክስ»ን የሠራው ወደ 27,000 ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ፣ በክሬዲት ካርድ ዕዳና የኮሚክ መጽሔቶቹን ሸጦ ነው። የቀረጸውም በጥቁርና ነጭ፣ ራሱ ሻጭ ሆኖ በሚሠራበት የኒው ጀርሲ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሱቁ ቀን ሥራ ላይ ስለሚውል ቀረጻው ሌሊት መሆን ነበረበት፤ ታሪኩ ግን የሚካሄደው በቀን ነው። የመስኮቱ ጨለማ እንዳይታይ የብረት መዝጊያዎቹ እንደተዘጉ ቀሩ፣ በታሪኩም ውስጥ አንድ ሰው የቁልፉን ቀዳዳ በማስቲካ ስለደፈነው አልከፈት እንዳሉ ተደረገ። ችግሩ ራሱ ቀልድ ወጣው። ፊልሙ በሰንዳንስ፣ በአሜሪካ በሚካሄደው የፊልም ፌስቲቫል ተሸለመ፤ ሐያስያኑም ከምስሉ ድህነት ይልቅ በገጸ ባሕርያቱ ምልልስ ላይ አተኮሩ። ይህ ማለት ግን ለድህነቱ ተብሎ ምሕረት ይደረጋል ማለት አይደለም፤ የማያስቅ ቀልድ በርካሽ ስለተሠራ ብቻ አስቂኝ አይሆንም።

«ክፉ ትችት ፊልሙን ይገድለዋል።»
«ናፖሊዮን ዳይናማይት» (እ.ኤ.አ. 2004) በ400,000 ዶላር ተሠርቶ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ብቻ ከ44 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል፤ በዘመኑ እጅግ ይነበብ የነበረው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት የሰጠው ግን ከአራት ኮከብ አንድ ተኩል ነበር። ገቢውን አይተው «ኢበርት ተሳሳተ» የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ሐያሲ ያየውን ይመዝናል እንጂ የቲኬት ሽያጭ አይተነብይም።

«ኢንዲፔንደንት ማለት ርካሽ ማለት ነው።»
ኢንዲፔንደንት የሚባለው ከታላላቅ ስቱዲዮዎች ውጭ የተሠራ ፊልም ነው፤ ቃሉ የሚናገረው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እንጂ ስንት እንደሆነ አይደለም።

«አዳራሹ ከሳቀ ሐያሲው ተሳስቷል።»
እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲህ አምን ነበር። ሳቅ ይጋባል፤ በሞላ አዳራሽ ያሳቀ ትዕይንት ብቻውን ለተቀመጠ ሐያሲ ፈገግታ እንኳ ላያስገኝ ይችላል። በእኛ ከተማ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ብዙዎቻችን የውጭ ኮሜዲ የምናየው በትርጉም ነው፤ ተርጓሚው ከምስሉ በላይ እየተናገረ የሰፈር ስም ያስገባል፣ ያላገጣል፣ አንዳንዴም ተዋናዩ ዝም ባለበት ቦታ የራሱን ቀልድ ይጥላል። አንድ ምሽት ሰዉ ሁሉ ሆዱን ይዞ የሳቀበትን ትዕይንት በኋላ በመጀመሪያው ድምፅ ከፍቼ ባየው፣ ሰውዬው ለካስ ስልክ ቁጥር ነበር የሚናገረው።