ኮምፓይለር የማያውቀው ኦፕሽን ሲሰጠው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

“አስጠንቅቆ ቢያልፈው ምን አለበት? ሥራው አይቆምም።”

አለበት እንጂ። ኮምፓይለር (የተጻፈን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው) የሚመራው ከትእዛዙ ጋር በሚጻፉለት ኦፕሽኖች (ማዘዣ ቃላት) ነው። ከደህንነት ኦፕሽን ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳቱ ፕሮግራሙ ያለ መከላከያው ተገንብቶ ይወጣል፤ ማስጠንቀቂያውን በረጅሙ የቢልድ (የግንባታ) ጽሑፍ ውስጥ ፈልጎ የሚያነብ የለም። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ሲኤል ዛሬም ዲ9002 በሚል የመልእክት ቁጥር አስጠንቅቆ ያልፋል፤ ይህን ወደ ስህተት የሚለውጠው “/ኦፕሽንስ:ስትሪክት” የመጣው በቪዥዋል ስቱዲዮ 2022 ነው። ሌላው ኮምፓይለር ጂሲሲም ቢሆን ሥራው ሊንክ ማድረግ (የተዘጋጁ ክፍሎችን ማገናኘት) ብቻ ሲሆን በሁለት ሰረዝ የሚጀምረውን ኦፕሽን ሁሉ ዝም ብሎ ይውጥ ነበር። ለሊንከሩ (ለአገናኙ ፕሮግራም) ታስቦ የተጻፈው ሊንከሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ይህ የታረመው በ4.6 ስሪት (2011 እ.ኤ.አ.) ነው፤ ለሊንከር የሚላከው “-ደብልዩኤል,” ከፊቱ ተጨምሮበት ይጻፋል።

ኮምፓይለር የምትጽፉ ደግሞ ኦፕሽኖቹን በሙሉ ሳታጣሩ የውጤት ፋይሉን አትክፈቱ። አለዚያ ስህተቱ ሲገኝ ደህና የነበረው የትናንቱ ፋይል ባዶ ሆኖ ይገኛል።

“ካልተቃወመ ያውቀዋል ማለት ነው።”

ብዙ የማዋቀሪያ ስክሪፕቶች (ከግንባታው በፊት ኮምፓይለሩ ምን እንደሚቀበል የሚፈትኑት) የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው። ክላንግ የተባለው ኮምፓይለር የማያውቀው የማስጠንቀቂያ ኦፕሽን ሲመጣበት አስጠንቅቆ በ0 ኮድ (“ተሳክቷል” ማለት ነው) ይወጣል፤ ስክሪፕቱም “ተቀብሏል” ብሎ ይመዘግባል። ስትፈትኑ ማስጠንቀቂያን ወደ ስህተት የሚለውጠውን “-ደብልዩኤረር” ጨምሩበት። የጂሲሲ ይለያል፦ የማያውቀውን ማስጠንቀቂያ አብራ ሲሉት ስህተት ይላል፣ አጥፋ (“-ደብልዩኖ-”) ሲሉት ግን ሌላ የሚናገረው መልእክት እስከሌለ ድረስ ዝም ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ለአዲሱ ስሪት የተጻፈ የቢልድ ፋይል በአሮጌው ላይ እንዳይሰበር። ስለዚህ መፈተን ያለበት የማብሪያው ቅርጽ ነው።

“ሲሳሳት ሙሉውን ሄልፕ ማውጣት ደግነት ነው።”

ሁለት መቶ መስመር ሄልፕ (የኦፕሽኖቹ መግለጫ) ስህተቱን ከስክሪኑ ላይ ገፍቶ ያስወጣዋል። ለስህተት፦ የተሳሳተውን ኦፕሽን እንደተጻፈ ጠቅሶ፣ የሚቀራረብ ካለ “ይህን ማለትዎ ነው?” የሚል አንድ ሁለት መስመር፣ በስታንዳርድ ኤረር (በስህተት መልእክት መውጫው) በኩል፣ ከ0 በተለየ ኮድ። ተጠቃሚው ራሱ “--ሄልፕ” ካለ ግን ስህተት የለም፦ ጽሑፉ በስታንዳርድ አውትፑት፣ ማለትም በመደበኛው የውጤት መውጫ ይውጣ (በፓይፕ ወደ ጽሑፍ ፈላጊው ግሬፕ እንዲያልፍ)፣ ኮዱም 0 ይሁን። የጂኤንዩ (የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት) ደንብ “--ሄልፕ” ከታየ በኋላ ሌላው ኦፕሽን ሁሉ ይታለፍ ይላል። የጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኦፕሽን አንባቢ፣ የፍላግ ፓኬጅ እንኳ፣ ሄልፕ ለጠየቀ ሰው ኮድ 2 ይመልስ ነበር፤ ወደ 0 የተለወጠው በ1.15 ስሪት (2020 እ.ኤ.አ.) ነው።

“‘-ኤች’ የትም ቦታ ሄልፕ ነው።”

አይደለም። በጂኤንዩ ሊንከር የሼርድ ላይብረሪውን (ፕሮግራሞች የሚጋሩትን የኮድ ፋይል) የውስጥ ስም መስጫ ነው። ባለ ሁለት ሰረዙን “--ሄልፕ” ልመዱ፤ በጂሲሲ “--ሄልፕ=ዋርኒንግስ” ስትሉ ደግሞ የማስጠንቀቂያዎቹን ዝርዝር ብቻ ታገኛላችሁ።