ስለ ቱዊ ፖፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ የተስፋፋው የሙዚቃ ዘውግ ቱዊ ፖፕ ጥርት ብሎ በሚያቃጭል ጊታር፣ ባልተጋነነ አዘፋፈንና በለጋ የፍቅር ዜማዎች ይታወቃል። ጣፋጭነቱ ግን ብዙዎች ሙዚቃውን አቅልለው እንዲያዩት ምክንያት ሆኗል፤ ስለ አመጣጡና ስለ ድምፁ የሚነገሩት ስህተቶችም አብዛኞቹ ከዚሁ የመነጩ ናቸው።

«የተወለደው ከአንድ ካሴት ነው»

ኤን ኤም ኢ የተባለው የለንደን የሙዚቃ ሳምንታዊ በ1986 ሲ86 የተሰኘ ባለ 22 ዘፈን ካሴት ማውጣቱና ስሙም ለዘውጉ መጠሪያ እስከ መሆን መድረሱ እውነት ነው። ይሁንና ካሴቱ ቀድሞ የነበረውን ሰበሰበ እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም። አለን ሆርን ፖስትካርድ ሬከርድስን በግላስጎው ያቋቋመው በ1979 ሲሆን፣ በኤድዊን ኮሊንስ የሚመራው ኦሬንጅ ጁስ የመጀመሪያ ሸክላውን በዚሁ አሳታሚ በኩል በ1980 አውጥቷል፤ ዘ ፓስቴልስም በዚያችው ከተማ በ1981 ተመሥርቷል። ስለዚህ መነሻውን የሚፈልግ ሰው ከለንደን ይልቅ ወደ ስኮትላንድ ቢያይ ይሻለዋል። በካሴቱ ውስጥም ቢሆን ከአንድ ደቂቃ ተኩል የማይበልጠው የፕራይማል ስክሪም መክፈቻ ዘፈን የዘውጉ ዓይነተኛ ምሳሌ ሲሆን፣ እንደ ቦግሼድ፣ ስተምፕና ቢግ ፍሌም ያሉት ባንዶች ግን ምቱ የሚቆራረጥና ለጆሮ የሚሻክር ሙዚቃ ነው ያቀረቡት።

«ያ ድምፅ ያለ ውድ ጊታር አይገኝም»

የዚያ የሚያቃጭል የጊታር ድምፅ አባት በ1965 የገነነው የአሜሪካው ዘ በርድስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የባንዱ ጊታሪስት ሮጀር መጊን የሚጫወተው ባለ 12 ክር ሪከንባከር ነበር፤ በዚህ ጊታር ላይ ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተወጠሩ ሲሆን፣ በአራቱ ወፍራም ጥንዶች አንደኛው ክር ከጓደኛው አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ በላይኛው እርከን) ከፍ ብሎ ስለሚቃኝ አንዱ ኖታ እንደ ሁለት ይሰማል። የ1980ዎቹ ወጣቶች ግን ተመሳሳይ ድምፅ ከተራ ባለ ስድስት ክር ጊታር ማውጣት ችለዋል። ዘዴው ኮርዱን (አብረው የሚሰሙትን ኖታዎች) በአንድ ምት ከመጨረስ ይልቅ ክሮቹን አንድ በአንድ መንካት፣ ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ሳይጫኑ ክፍት መተውና ሌሎቹን ብቻ እየያዙ በጊታሩ አንገት ላይ መንቀሳቀስ ነው። ኮርዱ ሲለዋወጥ ክፍቶቹ ሁለት ኖታዎች ከላይ ሳያቋርጡ ያስተጋባሉ። አምፕሊፋየሩ ላይ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ዲስቶርሽኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን) መተው የቀረውን ይሞላል።

«የችሎታ ማነስ ነው፤ ከፐንክም ጋር ዝምድና የለውም»

ይህ አባባል የሙዚቃውን ልብ ስለሚስት ከሁሉ ይልቅ መታረም ያለበት ይመስለኛል። በ1977 የፐንክ (ፈጣንና አመፀኛ የሮክ ዓይነት) ባንድ የሆኑት ዘ በዝኮክስ የመጀመሪያ ሸክላቸውን በራሳቸው ገንዘብ አሳትመው ትልቅ ኩባንያ ደጅ መጥናት እንደማያስፈልግ ካሳዩ በኋላ፣ የቱዊ ፖፕ ወጣቶች ያንኑ የፐንክ መንፈስ ወረሱ። የጣሉት ጩኸቱንና የወንድነት ፉከራውን ነው። በዚያ ዘመን በሮክ መድረክ ላይ በለስላሳ ድምፅ መዝፈንና ዓይን አፋርነትን አለመደበቅ ራሱ አቋም ነበር። በ1986 በኦክስፎርድ የተመሠረተው ታሉላ ጎሽ ፈጣኑን የፐንክ ምት ከ1960ዎቹ የሴት ልጆች ባንዶች ዜማ ጋር ያዋሐደው አውቆ ነው። ድምፃዊቷ አሚሊያ ፍሌቸር «ልጅነት ያልለቀቃት» እየተባለች ብትተችም፣ ከሙዚቃዋ ሳትለይ የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰር እስከ መሆን ደርሳለች።

«ፖለቲካ አያውቅም»

በብሪስቶል ክሌር ዋድና ማት ሄይንስ በ1987 የመሠረቱት ሳራ ሬከርድስ፣ አንድን ዘፈን በተለያየ መልክ እያሳተሙ አድማጭን ደጋግሞ ማስገዛትን በግልጽ ይቃወም ነበር። በ1995 መቶኛ ኅትመቱ ላይ ሲደርስም ሥራውን በራሱ ፈቃድ ዘጋ። ፍሌቸር ከታሉላ ጎሽ በኋላ የዘፈነችበት ሄቨንሊ በ1993 በደስተኛ ዜማ ስለ አስገድዶ መድፈር ዘፍኗል። በአሜሪካም የቢት ሃፕኒንግ ባንድ አባል ካልቪን ጆንሰን የመሠረተው ኬ ሬከርድስ በ1991 በኦሊምፒያ ከተማ ባዘጋጀው ጉባኤ፣ የመክፈቻው ምሽት መድረክ ለሴት ሙዚቀኞች ተሰጥቶ ነበር፤ ራዮት ገርል የተባለው የሴት የፐንክ ሙዚቀኞች የሴቶች መብት ንቅናቄም ኃይል ካገኘባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ያ ምሽት ነው።