ከባሕር ዳር ወደ ጣና ደሴቶች፦ ርቀትና የጉዞ ጊዜ

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ርቀቱ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በረራው ቢበዛ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከባሕር ዳር እስከ ደሴቱ ገዳም ዳጋ እስጢፋኖስ በቀጥታ መስመር 32 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በሞተር ጀልባ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ጣና ላይ ጊዜን የሚወስነው ኪሎ ሜትሩ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ፣ ጭነቱና በተለይም ነፋሱ ነው።

ተሳፋሪ የጫነ ተራ ጀልባ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ቆላ ላይ የፈጠነ ሞተር እዚህ ቢያዘግም ብልሽት ላይሆን ይችላል።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ ያለችው ደብረ ማርያም ቅርብ ናት፤ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ ዘጌ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ይርቃሉ። ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ስለሆነች በመኪናም ይደረሳል። ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ገዳም ናርጋ ሥላሴ ሦስት ሰዓት ገደማ ትወስዳለች። ሴቶች ክብራንና ዳጋ ገዳማት ስለማይገቡ ለተቀላቀለ ቡድን ናርጋ ትሻላለች።

ዋናው ጉዳይ መነሻ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ስለማይበልጥ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ጀልባውን ከፊት እየመታ ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፣ ተሳፋሪውንም ያረጥባል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሣ 3፡30 ላይ ዳጋ ይደርሳል፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ ቢመለስ 7 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ነው። ናርጋን ደርቦ ማየት የፈለገ 12 ሰዓት ላይ ካልተነሣ መመለሻው ሞገድ ውስጥ ይወድቃል።

ደሴቶቹ ላይ ቤንዚን ስለማይገኝ የደርሶ መልሱ ከነመጠባበቂያው ከባሕር ዳር ይጫናል። የነፍስ አድን ጃኬት መኖሩን ሳይሆን ማሰሪያው መያዙን ማየት ይበጃል። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በተንሳፈፈበት በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ጀልበኛው ሞተሩን አጥፍቶ ካላነሣውና በእጁ ካልፈታው ሞተሩ ይግላል። የደንገል ታንኳ ይህ ችግር የለበትም፣ ግን ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ለቅርብ መንገድ ብቻ ይሆናል፤ ከጉዞ በኋላም ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት።

ጎርጎራ በሐይቁ ሰሜን ጫፍ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በየወደቡ እየቆመ የሚሄደው የሕዝብ መርከብ ለብዙ ዘመን መንገድ ላይ አድሮ በማግስቱ ነበር የሚደርሰው።