ከመጫወቻ ጡብ የሚሠሩ የባቡር ምልክቶችና የሐዲድ ዳር ግንባታዎች

ከመጫወቻ ጡብ የባቡር ምልክትና የሐዲድ ዳር ግንባታ መሥራት በሞዴል ባቡር ዙሪያ ካሉ የእጅ ሥራዎች አንዱ ሲሆን፣ እርስ በርስ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ጡቦችን በመጠቀም ሴማፎር የሚባሉትን ባለ ክንድ ምልክቶችና የመብራት ምልክቶችን፣ የመንገድ መዝጊያዎችን፣ የመሳፈሪያ መድረኮችን፣ የጥበቃ ቤቶችንና የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን በልክ አሳንሶ መገንባትን ያጠቃልላል። ሥራው በስፋት የሚታወቀው በአውሮፓ ነው። ሐዲድ ገና ባልደረሰባት በባሕር ዳርም ወዳጆች አሉት፤ የከተማዋ ሠሪ የሚመለከተው ባቡር በደጁ ስለማያልፍ ከፎቶግራፍና ከታወቁ ልኬቶች ተነሥቶ ይሠራል፣ ይህም ለልክ ያለውን ጥንቃቄ ከፍ አድርጎታል።

የሥራው ዋና ማቴሪያል የሆነውን ጡብ የሚያመርተው ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1932 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዴንማርክ ቢሉንድ ከተማ የተቋቋመ ሲሆን፣ የዛሬውን የጡብ አገጣጠም የባለቤትነት መብት ማመልከቻ ያስገባው በጥር 1958 ነው። የመጀመሪያው በባትሪ የሚሠራ ባለ 4.5 ቮልት ባቡር በ1966 ወጣ።

ለምልክት ሠሪዎች ከሁሉ የበለጠው ዘመን የ12 ቮልቱ ነው። ይህ ሥርዓት በ1969 ሲጀመር፣ ኤሌክትሪኩ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በተዘረጉ ተጨማሪ የብረት መስመሮች በኩል ለሞተሩ ይደርስ ነበር። በ1980 ሐዲዱ ግራጫ ቀለም ይዞ እንደ አዲስ ሲዘጋጅ፣ ከትራንስፎርመሩ ጎን በሚገጠሙ ማብሪያዎች ከሩቅ የሚታዘዙ የሐዲድ መቀየሪያዎች፣ የፉርጎ መፍቻና የመብራት ምልክት አብረው ቀረቡ፤ ከሩቅ የሚከፈትና የሚዘጋ የመንገድ መዝጊያም ተከተለ። የዚህ ምልክት ትልቅነት ለጌጥ ብቻ አለመቆሙ ነው። ቀዩ ሲበራ ከፊቱ ባለው የሐዲድ ክፍል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ስለሚቋረጥ ባቡሩ በራሱ ይቆማል፣ አረንጓዴው ሲበራም ጉዞውን ይቀጥላል። መጫወቻ ሆኖ እውነተኛውን የባቡር ደኅንነት መርሕ፣ ማለትም ምልክቱና የባቡሩ እንቅስቃሴ በአንድ ትእዛዝ መያያዛቸውን፣ በዚህ ያህል ግልጽነት ያሳየ ሌላ ሥርዓት የለም ማለት ይቻላል።

በ1991 የመጣው ባለ 9 ቮልት ባቡር ኤሌክትሪኩን በራሱ በሐዲዱ አናት ቢያስተላልፍም፣ ከሩቅ የሚታዘዙትን ምልክቶች አላስቀጠለም። ከ2006 ጀምሮ ባቡሮቹ ባትሪያቸውን ተሸክመው በፕላስቲክ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ።

በልክ ረገድ ሁሉም ነገር የሚነሣው ከጡቡ አናት ላይ ካሉት ክብ ጉጦች ነው። ከአንዱ ጉጥ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 8 ሚ.ሜ. ሲሆን፣ የአንድ ጡብ ቁመት 9.6 ሚ.ሜ.፣ የስስ ጡብ ቁመት ደግሞ 3.2 ሚ.ሜ. ነው፤ ሦስት ስስ ጡቦች ሲደራረቡ አንድ ሙሉ ጡብ ያህላሉ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 37.5 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። ለኢትዮጵያዊ ሠሪ ይህ ቁጥር ሁለት መንገድ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር የ1,000 ሚ.ሜ. ስፋት ስለነበረው ሞዴሉ ወደ 1 ለ27 ይጠጋል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመርና ወደ ወልድያ አቅጣጫ እስከ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የአዋሽ መስመር 1,435 ሚ.ሜ. ስለሆኑ ልኩ 1 ለ38 ነው። በዚህ ስሌት ስድስት ሜትር የሚረዝም የምልክት ምሰሶ ለአዲሱ መስመር 16 ጡብ ያህል፣ ለቀድሞው ደግሞ 23 ጡብ ያህል ይረዝማል። ሁለቱን ልኮች በአንድ ሰሌዳ ላይ መቀላቀል ስሕተት ነው።

ከምልክቶች ሁሉ ጥሩ ትምህርት የሚሰጠው ሴማፎር ነው። ክንዱ አግድም ሲዘረጋ «ቁም»፣ ወደ ላይ 45 ዲግሪ ሲነሣ «እለፍ» ማለት ነው፤ የሚጎትተው ሽቦ ቢበጠስ ክንዱ በራሱ ክብደት ወደ «ቁም» እንዲመለስ ሆኖ ይሠራል። በጡብ ሲሠራ፣ አራት ጉጥ የሚረዝም ስስ ጡብ እንደ ክንድ ይወሰድና በፊቱ ላይ ከምሰሶው ጀምሮ ባለ ሁለት ጉጥ ቀይ ለስላሳ ንጣፍ፣ ቀጥሎ ባለ አንድ ጉጥ ነጭ፣ ጫፉ ላይ ባለ አንድ ጉጥ ቀይ ይለጠፋሉ። ክንዱን ከምሰሶው ጋር የሚያያይዘው ካስማ ወሳኝ ነው፦ ጥቁሩ ካስማ ሆን ተብሎ ጠበቅ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ክንዱን በተነሣበት ያስቀረዋል፤ ግራጫው ግን ያለ ፍትጊያ ስለሚዞር ክንዱ ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ ግራጫው ብቻ ይመረጣል፤ ከአግድም በታች እንዳይወርድም ከሥሩ አንድ ጉጥ ማቆሚያ ይደረጋል። ለመጎተቻ የጣና ዓሣ አስጋሪዎች መረብ የሚጠግኑበት ቀጭን የናይለን ክር እጅግ ተስማሚ ነው፤ አይላላም፣ ከሩቅም አይታይም።

የመብራት ምልክት ሲሠራ፣ መሐላቸው ክፍት የሆኑት ጉጦች ቀዳዳ 3.2 ሚ.ሜ. ስለሆነ ባለ 3 ሚ.ሜ. ኤልኢዲ (ትንሽ አምፖል) ሳይቆረጥና ሳይበሳ ይገባል። ምንጩ 9 ቮልት ከሆነ ለቀዩ መብራት 470 ኦም ሬዚስተር ይበቃል። ባቡሩን ለመለየት ከፉርጎ ሥር ማግኔት፣ ከሐዲዱ መሐል ደግሞ በማግኔት የሚዘጋ ማብሪያ ይቀመጣል፤ ቀሪውን ሥራ አርዱዊኖ የተባለው በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይሠራዋል።

ከሐዲድ ዳር ግንባታዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መድረኩ ነው። የሐዲዱ አግዳሚ ስምንት ጉጥ ስለሚሰፋ፣ ስድስት ጉጥ የሚሰፋ ፉርጎ በየጎኑ አንድ ጉጥ ክፍተት ይተዋል፤ ስምንት ጉጥ ለሚሰፋው ግን መድረኩ አንድ ጉጥ መራቅ ይኖርበታል። በመታጠፊያ ላይ ችግሩ ይብሳል። የመደበኛው መታጠፊያ ራዲየስ 320 ሚ.ሜ. ሲሆን፣ በሁለቱ ጫፎቹ ሥር ያሉት የመንኮራኩር ክፍሎች መሐል ለመሐል 160 ሚ.ሜ. የሚራራቁበት ፉርጎ ወገቡ 10 ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ከአንድ ጉጥ ስለሚበልጥ፣ በመታጠፊያ ውስጠኛ ጎን የሚቆም ምልክት ሁለት ጉጥ ተጨማሪ ርቀት ያስፈልገዋል። በአዲሶቹ መስመሮች ላይ የሚታዩት የ25 ኪሎ ቮልት ምሰሶዎች ከ50 እስከ 60 ሜትር ቢራራቁ፣ በሞዴሉ ከ10 እስከ 12 ቀጥታ ሐዲዶች አንድ ምሰሶ ማለት ነው፤ በመኖሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ግን አብዛኛው ሠሪ ርቀቱን በግማሽ ማሳጠሩ የተለመደ ነው።

ባሕር ዳር በአገር አቀፉ የባቡር መረብ ዕቅድ ከተካተቱት ከተሞች አንዷ በመሆኗ፣ የከተማዋን ጣቢያ ከወዲሁ በጡብ ማሰብ ለሥራው የራሱን መልክ ሰጥቶታል። የጣቢያው ግድግዳ በጥቁር ግራጫ ጡብ የአካባቢውን ጥቁር ድንጋይ ያስመስላል፣ በመድረኩም ዳር የከተማዋን ጎዳናዎች ያስዋቡት ዘንባባዎች ይቆማሉ። በግንቦት 2024 የተመረቀው ውቡ የዓባይ ድልድይ የመኪና መንገድ ቢሆንም ከሐዲዱ በስተጀርባ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ይሁንና ርዝመቱ 380 ሜትር ስለሆነ በ1 ለ38 አሥር ሜትር ይሞላል፣ ስለዚህ አንድ ምሰሶውንና የተወጠሩትን ገመዶች ብቻ ማሳየት ይመረጣል።

ሙጫ መጠቀም ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ ስምምነት የለም፤ ለዕይታ ለሚጓጓዝ ሥራ ይጠቅማል የሚሉ ሲኖሩ፣ ጡቡ ዳግም እንዳይፈታ ያደርጋል በማለት የሚቃወሙትም ጥቂት አይደሉም። የሌሎች አምራቾች ተመሳሳይ ጡቦች በዋጋ እጅግ ይቀላሉ፣ ለግድግዳና ለመሠረትም ይበቃሉ፤ ለሴማፎር ክንድና ለካስማ ግን የልክ ጥራታቸው እንደ አምራቹ ስለሚለያይ አስቀድሞ መፈተን ይሻላል። ነጭና ግራጫ ጡብ በፀሐይ ጨረር ይጠወልጋል፣ ቢጫም ይሆናል፤ ስለዚህ የባሕር ዳር ጠንካራ ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ሞዴሉን ማኖር አይመከርም። መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ ምልክቶቹ ሥራቸውን እንዳያቆሙ ከባቡሩ የተለየ ባትሪ ቢኖራቸው መልካም ነው።