የኪሊማንጃሮ በረዶ ሲያልቅ፦ የሚባለውና እውነታው

በታንዛኒያ ስላለው የኪሊማንጃሮ ተራራ በረዶ ሲወራ አንዱ «አገሩ በውኃ ጥም ሊያልቅ ነው» ይላል፣ ሌላው «ወሬ ነው፣ በረዶው ይኸው አለ» ባይ ነው። ሁለቱም ከእውነቱ ፈቀቅ ብለዋል። በ1912 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው) ከተራራው አናት ላይ 12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የበረዶ ግግር (ለዘመናት ተከማችቶ የጠጠረ በረዶ) ነበር። በ2011 ከ2 ያነሰ ቀረ። መመናመኑስ አያጠያይቅም። ስሕተቱ የሚመጣው ለምን ተመናመነ፣ ማንን ይጎዳል ስንል ነው።

«በረዶው ካለቀ ምንጮቹ ይደርቃሉ»

በብዛት የሚሰማው ይህ ነው፤ ለሰሚውም እውነት ይመስላል። ግን የኪሊማንጃሮ ውኃ በዋናነት የሚመጣው ከበረዶው ሳይሆን ከደኑ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ደመና ደቡባዊውን ተዳፋት ሲመታ በደኑ ላይ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። አናቱ ላይ ግን የሚወርደው በጣም ጥቂት ነው። የተራራው ተዳፋት ነዋሪ የሆኑት ቻጋዎች ቦይ ቀደው ሙዛቸውንና ቡናቸውን የሚያጠጡት፣ የፓንጋኒ ወንዝ የሚያገኘው፣ በኬንያ በኩል የአምቦሴሊ ዝሆኖች የሚጠጡት ውኃ ባብዛኛው ደኑ ላይ ዘንቦ መሬት ውስጥ የሰረገ ነው።

ከደኑ በላይ ደግሞ በሰሜንና በባሌ ተራሮች የምናውቀው የአስታ ዘመድ ይበቅላል። ጉም ሲያልፍ ደቃቅ ቅጠሎቹ ጠብታውን ይይዙታል፤ ጠብታው ተጠራቅሞ ወደ መሬት ይወርዳል። ዝናብ ሳይዘንብ ውኃ ተገኘ ማለት ነው። ይህን አስታ የሚጨርሰው እሳት ነው። ተደጋጋሚ ቃጠሎ የደኑን የላይኛ ድንበር በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ወደ ታች ገፍቶታል፤ በ2020ም ትልቅ ቃጠሎ ነበር። እንደኔ እንደኔ ለውኃው የሚሰጋ ሰው ዓይኑን ከአናቱ አውርዶ ወደ አስታው ቢያዞር ይሻላል።

«ሙቀቱ አቀለጠው፣ በቃ»

ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አናቱ ላይ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያ ያለው በረዶ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል አለው። ፀሐይ ስትመታው ከበረዶው ከፊሉ ውኃ ሳይሆን በቀጥታ ይተናል። አዲስ በረዶ ካልወረደ ደግሞ ላዩ ይጠቁራል፣ ፀሐይን ከመመለስ ይልቅ ይውጣል። ምሥራቅ አፍሪካ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ መድረቁ ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው የአየር ንብረት ለውጥ ውሸት ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የኬንያ ተራራና በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ያለው የሩዌንዞሪ በረዶም እያለቀ ነው፣ የደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራሮችም እንዲሁ። ኪሊማንጃሮ ለብቻው ማስረጃ ለመሆን የሚያስቸግር ተራራ ነው፣ ያ ነው ነገሩ።

«በ2020 ያልቃል ተብሎ ነበር፣ አላለቀም»

እውነት ነው፣ በ2002 የወጣ ጥናት ከ2015 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ያልቃል ብሎ ነበር። ቀኑ ተሳስቷል፣ አቅጣጫው ግን አልተሳሳተም። ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ሪፖርት በአፍሪካ ያሉ የዓለም ቅርስ ቦታዎች የበረዶ ግግር እስከ 2050 ይጠፋል ብሏል። ነጭ አናት የሚያሳየው ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰሞኑን የወረደ በረዶ ነው፤ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ግግሩ ሌላ ነው።

«እንግዲያው የትም ቢጠፋ ግድ የለም»

ኧረ! በፔሩና በመካከለኛው እስያ በደረቁ ወራት ወንዙን የሚሞላው የበረዶ ቅልጥ ነው። በዚያ አገር ግግር ሲመናመን መጀመሪያ ውኃው ይበዛል፣ ሰውም ደስ ይለዋል፤ በኋላ ይቀንሳል። ከበረዶው ግርጌ የሚፈጠረው ሐይቅም የተፈጥሮ ግድቡን ሊጥስ ይችላል። በ1941 የፓልካኮቻ ሐይቅ ፈንድቶ ከፔሩዋ የዋራዝ ከተማ ትልቅ ክፍል ጠራርጓል፣ ሺዎች ሞተዋል።

«ራስ ደጀንም ግግር አለው»

የለውም። የሚወርድበት በረዶ ቶሎ ይሟሟል። በበረዶ ዘመን ግን ሰሜንም ባሌም ግግር ነበራቸው።

«ውኃው ካልተነካ ምንም አልጠፋም»

በ2000 ተመራማሪዎች የኪሊማንጃሮን በረዶ ቆፍረው ናሙና አውጥተዋል። በውስጡ የጥንት አቧራና የድርቅ ምልክት ተደራርቦ ይገኛል። ግግሩ ሲያልቅ ሳይወሰድ የቀረው መዝገብ አብሮ ይሄዳል፤ ዝናብ ቢመለስ እንኳ ያ መዝገብ እንደገና አይጻፍም።